ክርክር፦ የመኪናን አካል ቤት ውስጥ በፋይበር ግላስ መሥራት ያዋጣል?

ደጋፊው በትርፍ ጊዜው መኪና የሚነካካ ወጣት ነው። ተቃዋሚው ዕድሜውን በላሜራ ሥራ ያሳለፈ ባለሙያ ነው።

ደጋፊ

ባምፐር ሲሰበር አዲስ ግዛ፣ ካልቻልክ እንደተሰበረ ንዳ ይሉሃል። ሦስተኛው መንገድ ለምን አይወራም? የፋይበር ማት (ከመስታወት ክር የተሠራ ምንጣፍ)፣ ፖሊስተር ሬዚን (ማጠንከሪያ ሲገባበት የሚደርቅ ፈሳሽ ፕላስቲክ)፣ ማጠንከሪያው፣ ብሩሽና ሮለር። በቃ። ብየዳ የለም፣ ዝገት የለም። የተሰበረውን ባምፐር ጠግነህ ሞዴል ታደርገዋለህ። በላዩ ላይ ሞልድ፣ ማለትም ቅርጽ ማውጫ፣ ትሠራለህ። ከሞልዱ ደግሞ የፈለግከውን ያህል ባምፐር ታወጣለህ። የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን የማይነግሩን ገበያቸው እንዳይቀዘቅዝ ይመስለኛል።

ተቃዋሚ

ለገበያዬ ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ። የአንድ ቅዳሜ ሥራ! እስቲ ቅዳሜን አብረን እንዋል።

ጠዋት ስብራቱን ትገጥማለህ፣ በስቱኮ ትሞላለህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለህ። ሞዴሉ ላይ የቀረች ጭረት ሁሉ ሞልዱ ላይ ትወጣለች፣ ከዚያም እያንዳንዱ ባምፐር ላይ። ቀጥሎ ሰም። አንዴ አይደለም፤ እየቀባህ፣ እየጠበቅክ፣ እየወለወልክ ደጋግመህ። በላዩ የማላቀቂያ ፈሳሽ፤ እሱም ይድረቅ። ቀጥሎ ጄልኮት፣ ማለትም የላይኛውን ገጽ የሚሠራው ወፍራም ሬዚን። ስትነካው እጅህ ላይ መቅረት እስኪተው ትጠብቃለህ። ከዚያ ማትና ሬዚን፣ አየሩን በሮለር እያስወጣህ። ሞልድ ከሚወጣበት ዕቃ መወፈር አለበት። ባንዴ ላወፍረው ብትል ሬዚኑ ይግላል፣ ይጣመማል። ስለዚህ ጥቂት ደርበህ ታቆማለህ፣ ሲረጋ ትቀጥላለህ። ሳይጠነክር ከፈለቀቅከው ደግሞ ቅርጹን ይለቃል። ቅዳሜ አለቀ። እሑድም አለቀ። ባምፐሩ ገና አልተጀመረም።

ደግሞ ቤት ውስጥ ነው የምትለው። ከሬዚኑ የሚወጣው ስታይሪን እኮ የሽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ይፈልጋል። የማጠንከሪያው ጠብታ ዓይን ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለ ጭንብልና መነጽር አንድ መስመር አልጻፍክም። ለማንኛውም ፋይበር ለጀልባና ለአሻንጉሊት ነው። መኪና ብረት ነው።

ደጋፊ

መኪና ብረት ነው? ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ኮርቬት አካሉ ከምን ነበር? ከፋይበር ግላስ! በዚያ ዓመት የተሠሩት 300 ናቸው፤ ብዙው ሥራ ደግሞ በእጅ። የእንግሊዙ መኪና ሎተስ ኤሊት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲታይ ከላይ ያለው ሽፋን ብቻ አልነበረም ፋይበር። ሻንሲውን፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከመውን የብረት አጽም፣ የተካው ራሱ አካሉ ነበር። እና እነዚህ ሰዎች አሻንጉሊት ነው የሸጡት?

ቅዳሜ ያልኩት የእጅ ሥራውን ነው። የሚደርቅበትን ሰዓት አልቆጠርኩም።

ተቃዋሚ

የሚደርቅበትን አልቆጠርኩም! ዳቦ ጋገርኩ፣ ምድጃ ላይ የቆየበትን ግን አልቆጠርኩም እንደማለት ነው።

እነሎተስ መሐንዲስ ነበራቸው። አንተ ማጠንከሪያውን በምን ልትለካ ነው፣ በማንኪያ? ብዙውን ጊዜ ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ካነሰ ሲያጣብቅ ይኖራል። ከበዛ በእጅህ ላይ ይፈላል፣ ሲቆይ ይሰነጠቃል። ደግሞ የፋብሪካው ፕላስቲክ ባምፐር ቀስ ብለህ ብትነካው ገባ ብሎ ይመለሳል። ያንተው ይሰነጠቃል። ስለ ጭንብሉም ዝም ብለሃል።

ደጋፊ

ሚዛን እኔም አለኝ። ደግሞ ሰው እያስፈራሩ ነው። የግጭቱን ጉልበት የሚቀበለው ከሽፋኑ በስተኋላ ያለው ብረት ነው፤ እሱን ማን ነካው? ሽፋኑ መልክ ነው። ይሁን፣ ባምፐር በየማቆሚያው ይነካካል እንበል። ኮፈንስ? ኮፈን ማን ይነካዋል? ክብደትም ይቀንሳል።

ተቃዋሚ

አሁን ደግሞ ኮፈን ሆነ።

የብረቱን ኮፈን ገልብጠህ እየው። ከሥሩ የጎድን አጥንት አለው። ሲጋጭ መሐሉ ላይ እንዲታጠፍ ተብሎ ነው የተሠራው። ያንተው ስስ ቆዳ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ይርገበገባል። መቆለፊያው የሚይዝበት ቦታ ካልተጠናከረ ይቦጨቃል። ከዚያ ተነሥቶ የፊት መስታወትህ ላይ ይለጠፋል። መንገድ ላይ ብቻህን አይደለህም።

ደጋፊ

ኮፈኑን ከላይ ቆልፎ የሚይዘው የኮፈን ፒን የተሠራው ለዚህ ነው። የውድድር መኪና አይተው አያውቁም? ጎድኑንም ከፎም ቆርጬ በፋይበር እለብጠዋለሁ።

ተቃዋሚ

የቱን ፎም? የቴሌቪዥን ማሸጊያውን ነጩን ከሆነ ፖሊስተር ሬዚን ሲነካው ይሟሟል።

ደጋፊ

ፖሊዩሬታን ነው፤ አውቃለሁ! እንደ ተማሪ አይፈትኑኝ። ስንጀምር ጥያቄው ያዋጣል ወይ ነበር። አሁን እኔ መኪና መንካት ይፈቀድልኛል ወይ ሆኗል። ፈቃድ ሰጪው ማን ነው፣ እርስዎ?

ተቃዋሚ

ማን ከለከለህ? ለራስህ መኪና ሥራ። ግን እንዲህ ያለውን ሥራ መጨረሻ ላይ የሚያነሣው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ሬዚኑ በደንብ ያልገባበት ደረቅ ማት፣ በላዩ ጣት የሚያህል ስቱኮ፣ በዚያ ላይ ቀለም። ስነካው ይረግፋል። ባለቤቱ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው፤ «አንተ ነህ የሰበርከው» ይለኛል። የሠራው ልጅ የለም። ገበያዬ እንዳይቀዘቅዝ ነው አልከኝ፤ አልረሳሁትም። ስትሸጥ ቢያንስ ለገዢው ምን እንደሆነ ንገረው።

ደጋፊ

መሸጥን ማን አነሣ? ለራሴ መኪና ነው ያልኩት።

ተቃዋሚ

አንተ ነሃ! «የፈለግከውን ያህል ባምፐር ታወጣለህ» ብለህ ነው የጀመርከው። ለአንድ መኪና ስንት ባምፐር ነው የፈለግከው?

ደጋፊ

ለጓደኞቼ ነው። በነፃ። የሬዚኑን ብቻ ይሸፍናሉ።