ጽድቁ ቀርቶ መልሴን በሰጠኝ

ባጃጁ የኋላ መስታወቱ ላይ በትልልቅ ቢጫ ፊደላት «ንስሐ ግቡ፤ መንግሥተ ሰማያት ቀርባለች» የሚል ተለጥፎበታል። ከአዳማ መናኸሪያ እስከ ሰፈሬ ሂሳቡ 30 ብር ነው። 50 ሰጠሁት። ልጁ ኪሱን ዳበሰ። ከፊቱ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ከፈተ፤ ዘጋ።

«ጋሼ፣ ዝርዝር የለኝም።»

«በስልክ ላክልኛ» አልኩት።

«ስልኬ ባትሪ ጨርሷል።»

ስልኩ በዚያው ሰዓት መዝሙር እያሰማን ነበር። ሁለታችንም ትንሽ ዝም ብለን መዝሙሩን አዳመጥን። ከዚያ «በቃ ለነፍስዎ ያድርጉት» ብሎኝ አቧራ አልብሶኝ ሄደ።

ያናደደኝ ብሩ አይደለም። (ብሩም አናዶኛል። ግን እንዲህ ዓይነት ነገር ሲጻፍ «ብሩ አይደለም» ማለት ደንብ ነው።) ያናደደኝ ያለ ፈቃዴ በስሜ ምጽዋት መሰጠቱ ነው። ለነፍሴ የምሰጥ ከሆነ ለማን እንደምሰጥ እኔው ልምረጥ እንጂ! ደግሞ መንግሥተ ሰማያት እውነት ያን ያህል ከቀረበች፣ ይሄ ልጅ የሰው 20 ብር በኪሱ ይዞ ደጃፏ ሊደርስ ነው? ትንሽ እንኳን አያሳስበውም?

ከሞት በኋላ ሌላ ሕይወት አለ ብሎ ማመን የሰውን አኗኗር ይለውጣል ወይ? ይሄ ጥያቄ እኛ ሀገር መጠየቁ ራሱ ያስቃል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ዳሰሳ ከመቶ ኢትዮጵያውያን 98ቱ ሃይማኖት በሕይወታቸው በጣም አስፈላጊ እንደሆነ ተናግረዋል። እኛ ጋ ሃይማኖት ከተባለ ሰማይ ቤት መቼም አብሮ አለ። እንግዲህ 98ቱ ለሰማይ ቤት ስንቅ እየቋጠሩ ከሆነ፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ ፈጭተው የሚቀላቅሉት የቀሩት ሁለቱ ናቸው ማለት ነው። ቅቤ ላይ ሙዝ የሚጨምሩትም እነሱ ናቸው። ወተት ላይ ውሃ፣ ሚዛን ላይ ጣት፣ ኪራይ ላይ በየሦስት ወሩ ጭማሪ፣ ሁሉም የእነዚሁ የሁለቱ ሥራ ነው። ምን ዓይነት ታታሪ ሰዎች ናቸው! እንቅልፍም የላቸው።

አያቴ ብትኖር «ጽድቁ ቀርቶ በወጉ በኮነነኝ» ትል ነበር። ይህን ተረት ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ። አያቴ የማትጠቀምበት ቦታ አልነበረም። ወፍጮ ቤት ተራዋን ሲቀሟት ትለዋለች። ምራቷ ቡናውን ስታሳርረው ትለዋለች። ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ጤፉን ሲያበላሽባት ወደ ላይ አንጋጣ ትለዋለች፤ ያኔ እንኳን ለሚመለከተው አካል ነው። እስኪ ተረቱን ልብ በሉት። ተናጋሪው ገነትን ትቷታል። አልጠየቀም፣ አልለመነም። የሚለው «እሺ፣ ኮንነኝ፤ ግን ሥርዓት ይኑረው» ነው። ከፈጣሪ ጋር ሳይቀር ስለ አገልግሎት አሰጣጥ የሚከራከር ሕዝብ ነው ያለን። እኔም ይህን ተረት በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ለራሴ ስለው ኖሬያለሁ። «ነገ ይምጡ» ሲሉኝ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ሲሉኝ። ሲኦል ደጃፍ ደርሰን «ሲስተም የለም» የሚል ከገጠመን ግን በቃ፣ ያኔ አለቀልን።

ስለ ሲኦል ካነሳን አይቀር፣ የአዳማ ሰው ጋቢውን ይዞ ነው የሚወርደው የሚባል ቀልድ አለ። እዚያ ይበርደዋላ። (ድሬዳዋዎች ቀልዱ የእኛ ነው ይላሉ። ይሁንላቸው።) ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጠን፣ ሚያዝያ ላይ ማታ አንሶላ ውሃ ውስጥ ነክረን የምንተኛ ሰዎች በእሳት ማስፈራራት በእርግጥ ትንሽ ይከብዳል። የሚገርመው ግን ፍርሃቱ ይጠቅማል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። አዚም ሻሪፍ እና ማይኬ ረምቱላ የሚባሉ ሁለት ምሁራን በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የ67 ሀገራትን መረጃ ያነጻጽራል። በሲኦል የሚያምነው በበዛበት ሀገር ወንጀል አነስ ብሎ ተገኘ። በገነት ማመን ግን በተቃራኒው ከፍ ካለ ወንጀል ጋር ተያይዞ መጣ። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት አይበቃም፤ ግን እኔ ሳነበው የሰፈሬን ሰዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። እኛ በሲኦል አናምንም ማለት አይደለም። በደንብ እናምናለን። ለጎረቤት። ለቀድሞ ባል፣ ለአከራይ፣ ለቀበሌ ጸሐፊ ሲኦል የግድ መኖር አለበት። ለራስ ሲሆን ግን አምላክ መሐሪ ነው።

ምሕረቱን ደግሞ በጥሩ ምስክር እናስደግፈዋለን፤ በበላኤ ሰብእ። ታሪኩን የማያውቅ የለም። ሰውየው 78 ነፍስ በልቷል። ሚስቱንም ልጆቹንም ሳይቀር። አንድ ቀን ውሃ የጠማው ደዌ የያዘው ለማኝ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በፍርድ ቀን ያቺ ጥርኝ ውሃ ሚዛን ደፋች። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት የሚሰበከው ይኸው ነው፤ የሚነገረውም ማንም ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። እኛ ግን ተስፋውን ትተን ሂሳቡን ወሰድነው። 78 ለአንድ ጥርኝ! እንዲህ ያለ ምንዛሪ በጥቁር ገበያም የለም። አንድ የማውቀው ነጋዴ በየወሩ በ21 ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለለማኞች ዳቦ ያድላል። በ22 ሱቁን ከፍቶ ዘይት ይደብቃል። አንድ ቀን ደፈር ብዬ ጠየቅሁት። «ሰው ነን፣ እንሳሳታለን» አለኝ። ስህተት ማለት እኮ አንዳንዴ የሚደርስ ነገር ነው። በየወሩ በ22 የሚደርስ ስህተት መርሐ ግብር ይባላል።

ፓስካል የሚባል የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተመሳሳይ ሂሳብ ሞክሮ ነበር። አምላክ ካለና ካመንህ የምታገኘው ማለቂያ የለውም፤ ከሌለ ደግሞ የምታጣው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አምነህ ኑር ነው ነገሩ። ሰውየው አዳማ ቢወለድ ከውርርድ ቤት አይጠፋም ነበር። ግን ፓስካል የሚያስይዘው መላ አኗኗሩን ነው። እንደ አማኝ ኑር ነው የሚለው። የኛ ሰው እንደ እግር ኳስ ቲኬት አምስት ብር አስይዞ መንግሥተ ሰማያትን ሙሉውን ይጠብቃል።

ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አልወቅጥም። ፕሮቴስታንት ጎረቤቴ «እኛ የዳንነው በሥራ አይደለም፣ በጸጋ ነው» ይለኛል። በሥራ እንዳልሆነማ የጋራ ግቢያችንን ማን እንደሚጠርገው ያየ ሁሉ ያውቃል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ አንዲት ሙስሊም እናት አሉ። በሟች አባታቸው ስም ደጃቸው ላይ ለመንገደኛ የሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ በጃሪካን ያስቀምጣሉ። ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፣ ከሦስት ነገር በቀር ይላሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ጥቅሙ የማያቋርጥ ሶደቃ ነው። በአዳማ ፀሐይ ያ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ በእግሩ የሚሄድ ያውቀዋል። እሳቸው ጋ እምነቱ በእርግጥ አንድ ነገር ሠርቷል። ኩባያው ግን በሰንሰለት ታስሯል። ብዙ ኩባያ ስለተሰረቀባቸው ነው። እንግዲህ ለሟች ነፍስ የተቀመጠ ውሃ ጠጥቶ፣ «አላህ ይቀበልዎ» ብሎ፣ ኩባያውን በኪሱ ከትቶ የሚሄደው ሰው ስለ ወዲያኛው ዓለም ምን ያስባል? እሱን አግኝቼ ባናገርኩት!

«ታዲያ የማያምን ይሻላል?» የሚል ይኖራል። አንድ የማያምን ጓደኛ አለኝ። ከሞት በኋላ ምንም የለም፣ አፈር ነን ይላል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ዘመድ ነው። ከዓመታት በፊት ያበደርኩትን 2,000 ብር እስካሁን አልመለሰም። ሌላው ተበዳሪ ቢያንስ «ሰማይ ቤት እከፍልሃለሁ» ይለኛል። ከዚህኛው ጋር ግን የምንገናኝበት ቦታም የለን።

ምናልባት ነገሩ የእምነት ሳይሆን የችኮላ ይሆናል። ዳርሊ እና ባትሰን የሚባሉ የሥነ ልቦና ሰዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ አለ። በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ወደ ሌላ ሕንጻ ሄዳችሁ ንግግር አድርጉ አሏቸው። ለገሚሶቹ ርዕሱ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነበር። መንገዱ ላይ አንድ ሰው አጎንብሶ እንዲያቃስት አደረጉ። ጊዜ ከነበራቸው 63 በመቶው ቆሞ ረዳ። በጣም ከቸኮሉት የረዳው 10 በመቶው ብቻ ነው። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብክ እየሮጠ የወደቀውን ሰው ተራምዶት ያለፈም ነበር። እሑድ ጠዋት ነጠላ ለብሰን «ቅዳሴው ሊያልፈን ነው» እያልን የምንሮጠው ሰዎች ይህን ጥናት ባናነበው ይሻላል።

እኛ የማንቸኩለው ለአንድ ነገር ነው፤ ለሞተ ሰው። እዚህ ላይ ነው የድሮ ቁርሾዬ ያለው። የሰፈራችን ሽማግሌ ነበሩ። ልጆቻቸው ሥራ ያላቸው፣ መኪና ያላቸው ናቸው። ሽማግሌው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን መግዣ እያጡ አንድ ቀን ውጠው ሁለት ቀን ይዘሉ ነበር። ልጆቹ «ጊዜው ከብዶ ነው አባባ» ይሏቸዋል። ሽማግሌው ሞቱ። ያ ከባድ ጊዜ በአንድ ሌሊት ቀለለ! ድንኳን ተተከለ። ሣልስቱ ወጣ። ለአርባው ሰንጋ ተጣለ፣ ጠላው በበርሜል ተጠመቀ፣ ወንበር ተከራየ፣ አንድ ልጅ ከውጭ ሀገር መጥቶ ቪዲዮ አስቀረጸ። ሰማንያውም፣ ሙት ዓመቱም እንዲሁ። ለመድኃኒት የጠፋው ብር የት ተቀምጦ ኖሯል? ለሥጋቸው ያልተገኘ ልጅ ለነፍሳቸው ሦስት ሆኖ ተገኘ። ሄጄ በላሁ። ጥሩ ሥጋ ነበር። እስከ ዛሬ ግን አልተዋጠልኝም። ተዝካር ለነዳያን የሚሆን ነገር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ያን ቀን ነዳያኑ ከአጥር ውጭ ነበሩ፤ እኛ ደግሞ ጥርሳችንን በስንጥር እየጎረጎርን «ነፍስ ይማር» እንል ነበር።

ለሰማይ ቤት ሲባል የሰው ጠባይ ሲለወጥ ያየሁት ያኔ ነው፤ የተለወጠው ግን የሟቹ ሕይወት ካለቀ በኋላ ነው። በቁማችን የሚገራን ሌላ ነው። ዕድር ነው። ሲኦልን የማይፈራ የሰፈራችን ጎረምሳ ዕድርን ይፈራል። ፍርዱ እዚሁ ነው፣ ቅጣቱ በጥሬ ብር ነው፣ ይግባኝ የለውም። አንድ ጊዜ ታይፎይድ ይዞኝ ቀብር ቀረሁና ተቀጣሁ። አቤት አልኩ። «ታምሜ ነበር» አልኳቸው። የዕድሩ ዳኛ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ሟቹም ታመው ነበር፤ ግን አልቀሩም» አሉኝ። ቤቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ቀብር ቀርቼ አላውቅም። ስንት ዓመት ስለ ዘላለም እሳት ተሰብኬ ያላመጣሁትን ለውጥ ዕድሩ በአንድ ቅጣት አመጣው።

ወደ ባጃጁ ልጅ መመለስ ነበረብኝ። ስለ 20 ብሬ ገና ብዙ የምለው አለኝ። የባጃጆቹ ማኅበር እንደ ዕድሩ መልስ ያልመለሰውን በጥሬ ብር ቢቀጣ ሳጥኑ ውስጥ ዝርዝር እንዴት እንደሚበቅል ታዩ ነበር፤ ታርጋውንም ይዤዋለሁ። ግን ይኸው ጥሩምባው ተነፋ። ሟቹ ማን እንደሆነ ገና አልሰማሁም። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ስም የሚጠራው ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ቅጣቱም ከዚህ ወር ጀምሮ በእጥፍ ጨምሯል። ጫማዬን ላጥልቅ።