«እርጅና ነው» አትበሉ

የሐዋሳ ልጆች፣ እስቲ ዛሬ እናታችሁ ቡና ስትቀዳ እጇን ተመልከቱ። ጣቷን የስኒው ጠርዝ ላይ አድርጋ የምትቀዳ ከሆነ፣ ሙላቱን የምታውቀው በዳሰሳ ነው። ደጃፏ ቆማችሁ «ማነው?» ካለቻችሁም መልካችሁ ከጠፋባት ሰነባብቷል። እኛ ይህን ሁሉ እያየን «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። የዓይን ሞራ ቢሆንስ?

የዓይን ሞራ ግርዶሽ በዓይን ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው። የደፈረሰው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተከላል። ዓይኑ ብቻ ይደነዝዛል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት፣ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው ይኸው ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ግማሹን! ያውም በቀዶ ሕክምና የሚመለስ ብርሃን።

«እስኪበስል ይቆይ» የሚለውንም ተዉት። ድሮ ሐኪሞችም ይሉት ነበር፤ ዛሬ ግን መቆየቱ ጉዳት ነው። አለቅጥ የበሰለ ሞራ የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ዓይኑን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል። ደግሞስ ሞራ ያላችሁት ግላኮማ፣ ማለትም የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ ሌላ በሽታ፣ ቢሆንስ? በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ማርና ቅጠል ሞራን አይገፍም። ጠበሉንም ይጠመቁ፣ ሐኪሙም ይያቸው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እኔም ጥፋተኛ ነኝ። እናቴን «ከበዓሉ በኋላ»፣ «ሥራ ሲቀለኝ» እያልኩ ሁለት ዓመት አቆየኋት። በታኅሣሥ ገብርኤል ንግሥ ሕዝቡ እልል ሲል ክንዴን ይዛ «ታቦቱ አለፈ እንዴ?» አለችኝ። ፊት ለፊታችን ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን «ውሰደኝ» ብላኝ አታውቅም። እናቶቻችን እንዲህ ናቸው፤ «ልጆቼን አላስቸግርም» ብለው በጨለማ ይቀመጣሉ። አባት ሲሆን ገበያ መውጣት፣ ሸንጎ መቀመጥ ሲያቅተው ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ እንሯሯጥለታለን። እናት ግን ጓዳዋን በእጇ ስለምታውቀው ወጡም ይሠራል፣ ቡናውም ይፈላል፣ ችግሯ አይታየንም። ለእሷ የታክሲ ብር ይጠፋል፤ የሚሸኛት ይጠፋል። የሞተች ዕለት ግን ድንኳን ይጣላል፣ ለተዝካሯም ሰንጋ ይታረዳል። ያ ገንዘብ የት ነበር?

የእድር ዳኞች፣ ይህ ለእናንተም ነው። ለቀብር የምትለቅሙት መዋጮ ከፊሉ በቁም ላሉት ቢሆን ምን ይጎድላል? በሰፈሩ ማን ዓይኑ እንደደከመ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ነፃ የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ሲመጣም ወሬውን ቤት ለቤት አድርሱ፤ ማስታወቂያውን ማየት የማይችል ሰው እንዴት ያነበዋል?

በዚህ ሳምንት ከልጆች አንዱ ከሥራ ይቅር፤ ባጃጅ ጠርቶ ሐኪም ቤት ያድርሳት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት በሰዓቱ የሚደረግ ጠብታ አለ። ማን የጠዋቱን፣ ማን የማታውን እንደሚያደርግላት ዛሬ ማታ ተነጋገሩና ተራ ያዙ።