መውጣት መብት ነው፤ መግባትስ?

ጠዋት ነው። ድሬ ገና ሙቀቷን አላወጣችም። ሳቢያን አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። አራት ልጆች መጥተው ጥግ ያዙ። የፕላስቲክ ጫማ፣ በእጃቸው ፌስታል፣ በዚህ አገር ላይ የደጋ ጃኬት። ከ18 ዓመት የሚበልጡ አይመስሉም። ወዴት እንደሚሄዱ ማንም አልጠየቃቸውም። የድሬ ሰው ያውቃል፤ በጅቡቲና በየመን አድርገው ወደ ሳዑዲ ነው። ሂሳብ ሊከፍሉ ሲሉ ባለቤቷ «አቦ ተዉት፣ መንገድ ላይ ውሃ ግዙበት» አለቻቸው።

አጠገቤ የነበሩት ሁለት ሰዎች ግን ተያያዙ። አንዱ «ድንበሩን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነው» ይላል። ሌላው «ስደት መብት ነው፣ ምኑ ይዘጋል?» ይለዋል። ክርክሩ ሳያልቅ ልጆቹ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 32 ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር መውጣት ይችላል ይላል። ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም አንቀጽ 13 ላይ ይህንኑ ይላል። ማንኛውንም አገር የመውጣት መብት አለ፤ የመግባት መብት ያለህ ግን ወደ ራስህ አገር ብቻ ነው። መውጫው የአንተ ነው፣ መግቢያው የባለቤቱ። ልጆቹ የሚሞቱት በሁለቱ መሀል ነው። በጅቡቲው አሳል ሐይቅ ዙሪያ ባለው በረሃ፣ ከጅቡቲዋ የባሕር ዳር ከተማ ከኦቦክ ማዶ ባለው ባሕር፣ በየመን ተራሮች።

ስለዚህ ሳዑዲም ሆነች ጅቡቲ ድንበሯን መጠበቅ ትችላለች። ይህን ማለት አንዳንድ ወዳጆቼን ያስቆጣል፤ ይቆጡ። ችግሩ የሚጀምረው «ሚዛን» የሚለው ቃል ሲመጣ ነው። ፖለቲከኞች ይወዱታል። በአንድ በኩል ድንበር፣ በሌላ በኩል መብት፣ ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ። ቀፊራ ገበያ ያደገ ሰው ግን አንድ ነገር ያውቃል፦ ሚዛን ላይ የማይወጣ ዕቃም አለ።

ሕጉም እንዲያ ነው። ቪዛ መከልከል፣ ያለ ፈቃድ የገባን መመለስ፣ ኮታ ማውጣት፣ እነዚህ ይመዘናሉ። ሰውን ወደሚሰቃይበት ቦታ መመለስ አይመዘንም። በ1969 እ.ኤ.አ. እዚሁ አገራችን፣ አዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ሕይወቱ ለአደጋ የሚጋለጥን ሰው ድንበር ላይ እንኳ መመለስ ይከለክላል። የአፍሪካ የሰብዓዊ መብቶች ቻርተር ደግሞ የውጭ ዜጎችን በጅምላ ማባረርን። ባዶ እጁን በሚሄድ ሰው ላይ መተኮስማ ጭራሽ ወደ ሚዛኑ አይቀርብም።

ተተኩሷል ግን። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሏል። ሳዑዲ መሠረተ ቢስ ነው ብላ አስተባበለች። እኛ ደግሞ አንድ ሰሞን ፌስቡክ ላይ አለቀስን፣ ከዚያ ዝም።

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ አብዛኞቹ የሐረርጌ ልጆች በሕጉ ቋንቋ «ስደተኛ» አይባሉም። ማንም አላሳደዳቸውም። መሬቱ ለወንድማማች ተከፋፍሎ አልቋል፣ ዝናቡ ይቀራል፣ የጎረቤት ልጅ ደግሞ ከሳዑዲ በላከው ብር ቆርቆሮ ቤት ተሠርቷል። ይኼ ጥገኝነት አያሰጥም። የመኖር መብታቸውን ግን አያሳንሰውም።

የራሳችንም በር አለ። መንግሥት በጥቅምት 2006 ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ። ወዲያው ደግሞ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችንን በጥቂት ወራት አባረረች፤ ድንጋጤው ይገባኛል። እገዳው እስከ 2010 ቆየ። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው መሄዱን አላቆመም፤ ደላላው ብቻ ከበረ። በመሀሉ የወጣው የ2008ቱ አዋጅ ለተጓዥ የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ጠየቀ። ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ከብት ለምትጠብቅ የገጠር ልጅ ይህ ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም። ደላላው ካርድ አይጠይቅም። ጥበቃ ተብሎ የወጣ ሕግ ጥበቃ የሌለበት መንገድ ላይ ጣላት።

የኔ አቋም አጭር ነው። ሳዑዲን «ልጆቻችንን አትመልሱ» ብለን አንለምን። «ስትመልሱ በስርዓት መልሱ» እንበል፣ በጽሑፍ፣ ከእነሱ ጋር ባለን የሥራ ስምምነት ውስጥ። ዳኛ ሳያይ ማንም ለወራት እንዳይታሰር። ፓስፖርት አሠሪ ኪስ እንዳይገባ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሠራበት ደመወዝ ሳይከፈለው ማንም አውሮፕላን እንዳይሳፈር።

የመጨረሻው ከጎረቤቴ ልጅ የሰማሁት ነው። ሰባት ወር ታስሮ ነው የተመለሰው። መመለሱ አያንገበግበውም፤ «አገራቸው ነው፣ ሂድ አሉኝ፣ መጣሁ» ይላል። የሚያንገበግበው ፍየል የጠበቀበት የዘጠኝ ወር ደመወዝ ነው። የአሠሪውን ቁጥር አሁንም ስልኩ ላይ አስቀምጦታል። አልፎ አልፎ ይደውልለታል። ሰውየው ያነሳል፣ ድምፁን ሲሰማ ይዘጋል።