ማስተካከያ፦ የአዲሷ ቮልስ ሞተር ከፊት ነው

ባለፈው የድሮ መልክ ይዘው ስለተሠሩ መኪኖች ስጽፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ገበያ ላይ የዋለችው ኒው ቢትል እንደ ድሮዋ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሞተሯ ከፊት ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ እንጂ እንደ ድሮው በአየር አይደለም። የተሠራችው ጎልፍ በምትባለው በሌላዋ የቮልስዋገን መኪና ሻንሲ ላይ ነው፤ ከአያቷ የወረሰችው መልኳን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከኋላ ስትከፍቷት የምታገኙት ዕቃ መጫኛ ነው።

ስለዚህ ‹ሞተሩ ወደ ኋላ ይመለስልን› የሚለው የቮልስ ወዳጆች ምኞት ቅርጿን በማስተካከል ብቻ አይሳካም፤ መኪናዋን ከሥር ጀምሮ መሥራት ይጠይቃል።

ዳሽቦርዷ ላይ ያለችው የአበባ ማስቀመጫም እ.ኤ.አ. በ2012 ሞዴል አለች ብዬ ነበር። የለችም። ጣሪያውን ዝቅ ሲያደርጉ እሷንም አነሷት። ጣሪያው አምሮበታል፤ አበባዋ ግን ታሳዝነኛለች።