ለክቡር የፕሮጀክት ታፔላ፣ ከፓርኩ በር ላይ

ለክቡር የፕሮጀክት ታፔላ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለ9 ዓመት ያለ ሥራ መቆምዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ከረሙ? ዝገቱ እንዴት ይዞዎታል? ባለፈው ሳምንት ቱሪስቶች ይዤ በበሩ ሳልፍ፣ አንድ ትልቅ ዝንጀሮ አናትዎ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ያሳክካል። እንግዶቼ ፎቶ አነሱ። አንዷ ሴትዮ ግን ዝንጀሮውን ትታ ጽሑፍዎን ለማንበብ ታገለች። «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። አስጎብኚ ነኝና መልስ አይጠፋኝም። «የፓርኩ ጥንታዊ ሐውልት ነው» አልኳት። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

የፓርኩን ስም አልጠራም። እርስዎም አይጠሩትም፤ ስሙ የተጻፈበት ቦታ ተላልጧል። አሁን የሚነበበው «...የዱር እንስሳት መኖሪያ መልሶ ማገገሚያ እና የማኅበረሰብ ኑሮ ማሻሻያ የተቀናጀ ፕሮ...» የሚለው ብቻ ነው። ከግርጌው የሰባት ድርጅት አርማ ተደርድሯል። ከሁሉም በታች ደግሞ «ፕሮጀክቱ የሚቆይበት ጊዜ፦ 3 ዓመት» ይላል። ይቺ መስመር አንድ ፊደል አልለቀቀችም። ምን ዓይነት ቀለም ቢሆን ነው?

የተተከሉበት ቀን ትዝ ይለኛል። ድንኳን ተጣለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ «ባለድርሻ አካላት» የሚለው ቃል ከበግ ጥብሱ በላይ ተበላ። ሦስት በግ ታርዶ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቻለሁ። አበሉንም ፈርሜ ወስጃለሁ። ያን ቀን የታደለው ኮፍያዎ እስካሁን ለፀሐይ ያገለግለኛል፤ የጠቀመኝ የመጀመሪያው ነገር ስለሆነ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ሁለተኛውን እየፈለግሁ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት በጥናትና በመኪና ግዢ አለቀ። ሁለት አዳዲስ ላንድክሩዘር መጣ። ሁለተኛው ዓመት የሥልጠና ነበር። እንስሳት ጥበቃ የሚሠለጠነው ከእንስሳቱ ርቆ፣ መዋኛ ገንዳ ባለው ሆቴል ውስጥ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተማርኩት። ሥራው መሬት ላይ የወረደው በሦስተኛው ዓመት ነው። ገንዘቡ ግን የደረሰው ሐምሌ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ እዚህ ፓርክ ውስጥ መኪና ቀርቶ ሐሳብም አይገባም፤ ጥቁሩ አፈር እስከ ጉልበት ይውጣል። «እስከ መስከረም ካላወጣችሁት ይመለሳል» ተባለ። ስለዚህ ወጣ። እንዴት እንደወጣ እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ የታተመው ካሌንደር ብቻ ለአንድ ወረዳ ይበቃ ነበር።

አንድ ቁም ነገር ግን ተሠርቶ ነበር። ሣሩን የዋጠውን ቁጥቋጦ የአካባቢው ወጣቶች ቆረጡት። ሜዳው ተከፈተ። የሜዳ አህያ ተመልሶ ሲግጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ያ ቁጥቋጦ ጉቶው ከቀረ ክረምት ሲገባ ያቆጠቁጣል፣ ያውም ከበፊቱ በዝቶ። በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ የሚነቅል ሰው ያስፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለውም ዓመት። በቀጣዩ ዓመት ግን እዚህ የነበሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ እርስዎ ደግሞ እጅ የለዎትም።

ላንድክሩዘሮቹስ? በድንጋይ ላይ ቆመዋል። መኪና የሚገዛ በጀት ነበር፤ ጎማ የሚገዛ አልነበረም። የሬዲዮ መገናኛ ተገዛ፤ ባትሪው ሲሞት የሚተካ ጠፋ። ስካውቶቹ፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ለሦስት ዓመት የደመወዝ ጭማሪ አገኙ፤ አራተኛው ዓመት ላይ ጭማሪውም ቦት ጫማውም አብረው አለቁ። አሁን በሸራ ጫማ ነው አሰሳ የሚወጡት። ለጋሽ የስካውት ደመወዝ፣ ናፍጣና ሽሮ መክፈል አይወድም፤ ፎቶ ላይ አያምርም። ሽሮ ያልበላ ስካውት ግን ወጥመድ አይለቅምም።

አይቀየሙኝና፣ በዚህ ሥራ ስለበለጥዎት ሰዎች ትንሽ ላውራዎ። ሩዋንዳ ሄጄ አላውቅም፤ ማንበብ ግን አይከለከልም። አካጌራ የሚባለው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1934 ነው የተከለለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ የእርስዎም ቀን በፈረንጅ ስለሆነ አይከብድዎትም።) ከ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ ከስደት የተመለሰው ሕዝብ ከነከብቱ ማረፊያ መሬት አጣ። መንግሥት በ1997 ከፓርኩ ከግማሽ በላዩን ቆርሶ ሰጠ። 1,120 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቀረ። አንበሶቹ በመርዝ አለቁ። የመጨረሻው አውራሪስ የታየው በ2007 ነው። እኛ ብንሆን ለዚህ ስንት ታፔላ እንተክል ነበር!

እነሱ በ2010 ምን አደረጉ? የአገሪቱ የልማት ቦርድና አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት ፓርኩን የሚያስተዳድር የጋራ ኩባንያ አቋቋሙ። የውሉ ዕድሜ ስንት ነው ይሉኛል? 20 ዓመት። እርስዎን ስድስት ጊዜ ተክሎ ስድስት ጊዜ ለመንቀል ይበቃል። በ2013 120 ኪሎ ሜትር አጥር አጠሩ። ሰባት አንበሶች ከደቡብ አፍሪካ የመጡት ከዚያ በኋላ፣ በ2015 ነው። 18 ጥቁር አውራሪስ በ2017 ገባ። 30 ነጭ አውራሪስ ደግሞ በ2021። ቅደም ተከተሉን ይዩልኝማ። እኛ ዘንድ ቢሆን አንበሳው ካሜራ ባለበት አስቀድሞ ይመጣል፤ አጥሩ ለ«ምዕራፍ ሁለት» ይተላለፋል።

ለጋሽ የላቸውም እያልኩ አይደለም። የአውራሪሶቹን ጉዞ ወጪ የሸፈነው የሃዋርድ ጂ. በፌት ፋውንዴሽን ነው፤ ከቲኬት ሽያጭ አውራሪስ በአውሮፕላን አይመጣም። ነገር ግን ለጋሹ ሲመጣ በሩ ላይ የሚቀበለው የወሩን ደመወዝ በወሩ የሚያገኝ ጠባቂ ነው። የበሩ ገቢም ለፓርኩ ሥራ ይውላል። ከአገሪቱ ፓርኮች የቱሪዝም ገቢ 10 በመቶው ለአጎራባች ነዋሪዎች ይመደባል፤ እስከ 2017 ድረስ 5 በመቶ ነበር። ከአካባቢው ወጣቶች የወጡ አስጎብኚዎችም አሏቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ቅናት ቢጤ ይዞኛል።

ሞዛምቢክ ውስጥ ያለው የጎሮንጎዛ ፓርክ ደግሞ ከ1977 እስከ 1992 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ከትላልቅ እንስሳቱ ከ90 በመቶ በላይ አጥቷል። ግሬግ ካር የሚባል አሜሪካዊ ባለሀብት ፓርኩን መልሶ ለማቋቋም በ2008 ከመንግሥት ጋር ለ20 ዓመት ተፈራረመ። ውሉ ሳያልቅ በ2018 ሌላ 25 ዓመት ተጨመረ። ተራራው ላይ ከገበሬው ጋር ቡና ይተክላሉ። ቡና ፍሬ ለመስጠት ብቻ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል። የእርስዎ ፕሮጀክት ቡና ተክሎ ቢሆን ኖሮ የስንብቱ ቀን ባዶ ጀበና ከበን ነበር የምንተያየው።

ረጅም ውል ሁሉንም ይፈታል ብዬ ግን አላጋንንም። ይኸው አፍሪካን ፓርክስ እኛም አገር መጥቶ ነበር። በ2004 ነጭ ሣርን፣ ቀጥሎም ኦሞን ተረከበ። በ2008 ጥሎ ወጣ። ፓርኩ ውስጥ የሚኖረውና ከብቱን የሚያሰማራው ሰው ጉዳይ መፍትሔ አላገኘም ነበር። ሩዋንዳ መሬቱን በግልጽ ቆርሳ ሰጥታ የቀረውን አጠረች። እኛ ካርታው ላይ ፓርክ፣ መሬቱ ላይ ግጦሽ፣ ሪፖርቱ ላይ ደግሞ «ውይይት እየተደረገ ነው» እንላለን። ከውይይቱ መሐል ሣሩ አልቆ ከብቱም ቆርኬውም አብረው ይከሳሉ። ይህ ለእርስዎ ከባድ ርዕስ ነው። ቆርቆሮ ነዎት፤ ይለፉት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ከበሩ ከፍ ብሎ ያለው የጥበቃ ኬላ የማብሰያ ጎጆው ጣሪያ ያፈሳል። ባለፈው ክረምት ስካውቶቹ ሽሮ የሚሠሩት ጃንጥላ ይዘው ነበር። ጣሪያ ለማስጠገን ደብዳቤ ከጻፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። መልሱ «በቀጣይ ፕሮጀክት ይታያል» የሚል ነው። ስለዚህ አንድ ማታ በሲባጎ ለኩዎት። ቁመትዎ ሁለት ሜትር ከስንዝር፣ ወርድዎ ሜትር ተኩል። ልክክ ይላሉ።

ነቅለው እንዳይወስዱዎት የማን ንብረት እንደሆኑ አልታወቀም። ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፤ ፓርኩ «ርክክብ አልተደረገም» ይላል። ይሁንና ግራ የእንጨት እግርዎን ምስጥ በልቶታል፤ የዘንድሮን ነፋስ የሚያልፉ አይመስለኝም። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው፦ ሲወድቁ እባክዎ ወደ ግራ ይውደቁ። በቀኝ በኩል ገደል ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ አስጎብኚ

ግልባጭ፦
ለሰባቱ አርማዎች
ለምስጡ (ሥራውን እንዲያፋጥን)

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ዛሬ ጠዋት በበሩ ሳልፍ ከጎንዎ ሁለት አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ አየሁ። ሲሚንቶም ወርዷል። አዲሱ ባልደረባዎ ገና አልመጣም። ዝንጀሮው ግን ቀድሞ መጥቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል።