ይድረስ ለክቡር የኮርማ በረት

ለዋሽንግተን ናሽናልስ ቤዝቦል ቡድን የተተኪ ወርዋሪዎች ማቆያ
ናሽናልስ ፓርክ፣ ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ ከስድስተኛው ኢኒንግ በኋላ የሚደርስብኝን በደል ስለማመልከት

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ አመልካች በዚሁ ከተማ ታክሲ እያሽከረከርኩ የምተዳደር፣ ግብሬን በወቅቱ የምከፍል፣ በማንም ቡድን ላይ ክፉ አስቤ የማላውቅ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ክቡርነትዎ በ2025 የውድድር ዘመን በየምሽቱ ባደረሱብኝ ጉዳት እንቅልፌን፣ የቴርሞስ ቡናዬን ጣዕምና ከባለቤቴ ጋር የነበረኝን ሰላም ስላጣሁ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አስቀድሜ ስለ ስምዎ። እንግሊዝኛው «ቡልፔን» ይልዎታል፤ ቃል በቃል ሲፈታ የኮርማ በረት ማለት ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ አዋቂዎቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። ያወጣው ሰው ሽሙጠኛ እንደነበር ግን አልጠራጠርም። ኮርማ እኔ ባደግሁበት አገር በሩ ሲከፈትለት መሬት ጭሮ፣ አቧራ አስነሥቶ፣ ሰፈሩን ሁሉ አጥር ለአጥር አስጠግቶ ነው የሚወጣው። ከእርስዎ በር ሲወጣ ያየሁት ግን ገበያ መሀል እናቱ የጠፋችበት ጥጃ ነው።

ይህ ደብዳቤ ቤዝቦል በማያውቅ ወገኔ እጅ ቢገባ እንዳይቸገር ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር፣ አለው፤ አቻ ከሆኑ ይጨመራል። አንድ ሰው ኳሷን ለመቺዎቹ እየወረወረ ይጀምራል፤ ወደ መቶ የሚጠጋ ኳስ ከወረወረ በኋላ ክንዱ ይዝላል። ያን ጊዜ አሰልጣኙ ከተቀመጠበት ስልክ ያነሣል። ስልኩ የሚጮኸው ክቡርነትዎ ዘንድ ነው። ከሜዳው ዳር ካለው አጥር በር ይከፈታል፤ አንድ ተተኪ ዱብ ዱብ እያለ ይመጣል፤ የቀረው ጨዋታ በእርስዎ እጅ ይወድቃል። ሽንኩርቱን ያቁላላው ሌላ፣ በርበሬውን ያበሰለው ሌላ፣ ዶሮዋን የገነጠለው ሌላ ነው። ከእርስዎ የሚጠበቀው ወጡን ሳያሳርሩ ከእሳት ማውረድ ብቻ ነበር።

በመክፈቻው ዕለት፣ ማርች 27፣ እናቴ ከደሴ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ጨዋታው በገዛ ሜዳችን ከፊላዴልፊያ ፊሊስ ጋር ነው። እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጫለሁ፤ እናቴ ከጎኔ ጭኗ ላይ ሰፌድ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ያን ጊዜ ወርዋሪያችን የነበረው ማኬንዚ ጎር ያን ቀን ምን ቀምሶ እንደመጣ አላውቅም፤ መቺዎቹ ዱላቸውን አየር ላይ እያወናጨፉ አንድ በአንድ እየተመለሱ ይቀመጣሉ። ነገሩ እናቴም ገባት። አንድ መቺ ሦስቴ ስቶ በወጣ ቁጥር አንዲት ምስር ከክምሩ ለይታ የሰፌዱ ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። ስድስተኛው ኢኒንግ ሲያልቅ ጠርዙ ላይ 13 ምስር ተደርድሯል። ፊላዴልፊያዎች በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት ምት ብቻ ነው ያገኙት።

ከዚያ ስልኩ ተደወለ።

«ልጄ፣ ያ ጎበዝ ልጅ የት ሄደ?» አለች እናቴ።

«ክንዱ ደክሞታል፣ እማዬ። አሳረፉት።»

«ይኼኛውስ ማነው?»

«ከኮርማ በረት የመጣ ተተኪ ነው።»

መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችው። «ታዲያ ኮርማው የታለ?»

ብዙም ሳይቆይ ብራይስ ሃርፐር ሆም ረን መታ፤ ኳሷን ከአጥሩ ማዶ ላካት ማለት ነው። ሃርፐር እዚሁ እኛ ቤት ተኮትኩቶ ያደገ፣ በ2019 በ13 ዓመት የ330 ሚሊዮን ዶላር ውል ወደ ፊላዴልፊያ የተሻገረ ልጅ ነው። ካይል ሽዋርበርም ሌላ ሆም ረን ደገመ፤ እሱም በ2021 የእኛን ማልያ የለበሰ ነበር። ጨዋታው እስከ አሥረኛው ኢኒንግ ተጎትቶ 7 ለ 3 ተሸነፍን። እናቴ 13ቱን ምስሮች በእጇ ጠርጋ ወደ ክምሩ መለሰቻቸው። አንዲት ቃል አልተናገረችም። በሬዲዮ ስንት ተንታኝ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ አድርጎ የተነተነዎት የለም።

ይህ እንግዲህ ከ162ቱ ጨዋታዎች የመጀመሪያው ነው።

ሲጠቃለል 66 አሸነፍን፣ 96 ተሸነፍን፤ ከምድባችን አምስት ቡድኖች ግርጌ ተቀመጥን። በጁን ወር ብቻ 11 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈናል። መሸነፍ ብቻውን ግን ደብዳቤ አያጽፈኝም። ገና በመጀመሪያው ኢኒንግ 8 ለ 0 የተመራ ቡድን ሰውን ያሳርፋል፤ ሬዲዮውን አጠፋለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ በጊዜ ገብቼ እተኛለሁ። እርስዎ ይህን ዕረፍት ነፈጉኝ። ስድስት ኢኒንግ ሙሉ ተስፋ ሲያጎርሱኝ ያመሹና ልውጥ ስል ጣትዎን ከተው ከጉሮሮዬ ያወጡታል። የተረቷ ሴትዮ እንኳ የብብቷን የጣለችው የቆጡን አወርድ ብላ ነው። እርስዎ ከቆጥ ምንም ሳይፈልጉ፣ እጅዎን ወደ ላይ እንኳ ሳይዘረጉ፣ የብብትዎን ይጥላሉ።

በልጅነቴ ገና ተጫውቻለሁ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ነኝና ዱላና ኳስ ባለበት መቆጣት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ገና የሚውለው በዓመት አንድ ቀን ነው። ጌታው በየማታው፣ ለስድስት ወር፣ ያውም ለመጠለዝ ከፍሎ ይገባ ቢባል ኖሮ ተረቱ እንዴት ይሆን እንደነበር እንጃ።

ስሜት ነው እንዳይሉኝ ቁጥር ልጥቀስ። በቤዝቦል አንድ ወርዋሪ ዘጠኝ ኢኒንግ ሙሉ ቢወረውር በአማካይ ስንት ነጥብ ይቆጠርበታል የሚል ሒሳብ አለ። ሒሳቡ ደግሞ ሩኅሩኅ ነው፤ የሌሎች ተጫዋቾች ስሕተት ያመጣውን ነጥብ ቀንሶ ነው የሚያሰላው። የእርስዎ የ2025 ውጤት ከአምስት ተኩል በላይ ሲሆን፣ ከ30ዎቹ ቡድኖች የመጨረሻው ነው። ያ ሁሉ ተቀንሶልዎት ማለት ነው።

ጁላይ 6 ቀን አሰልጣኙና የቡድኑ ዋና ኃላፊ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። ሁለቱም በ2019 የቤዝቦልን ትልቁን ዋንጫ፣ ዎርልድ ሲሪስን፣ ያመጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ያን ዜና የሰማሁ ዕለት በረቱም አብሮ ይታሸጋል ብዬ ነበር። አልታሸገም። ይልቅስ በወሩ መጨረሻ ከቤተኞችዎ አውራ የነበረው፣ ዘጠነኛውን ኢኒንግ የሚዘጋው ካይል ፊኔጋን፣ ወደ ዲትሮይት ተላከ። እዚያ እንደደረሰ ነጥብ አላስነካ አለ! ያው ክንድ፣ ያው ሰው። ለካ ኮርማውስ ኮርማ ኖሯል፤ በረቱ ነው እንጂ።

ይህ ጠባይዎ ደግሞ የዛሬ አይደለም። ኦክቶበር 12 ቀን 2012፣ ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር በነበረው ወሳኝ ጨዋታ፣ ገና በሦስተኛው ኢኒንግ 6 ለ 0 እየመራን ነበር። ዘጠነኛው ላይም 7 ለ 5 እንመራለን፤ ለማሸነፍ አንዲት ያልተመታች ኳስ ብቻ ቀርታለች። 9 ለ 7 ተሸነፍን። ያን ሌሊት ከሳውዝ ካፒቶል ጎዳና ያሳፈርኳቸው ሁለት ባልና ሚስት ቤታቸው እስኪደርሱ አልተነጋገሩም፤ ሒሳብ ሲከፍሉ እንኳ በጥቅሻ ነበር። በ2014 ደግሞ ከሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ጋር 1 ለ 0 እየመራን፣ በዘጠነኛው ኢኒንግ አንድ ሰው ማስወጣት ብቻ ሲቀር፣ ግሩም ሲወረውር ያመሸውን ልጅ አስቀምጠው ስልክ ወደ እርስዎ ደወሉ። ወዲያው አቻ ሆነ። ጨዋታው እስከ 18ኛው ኢኒንግ ሄዶ፣ ከስድስት ሰዓት በላይ ፈጅቶ፣ 2 ለ 1 ተሸነፍን።

«ታዲያ 2019ስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይህንን ጥያቄ ባያነሡት ይሻልዎት ነበር። በዚያ ዓመት ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፈን ስንነሣ፣ እርስዎ ቡድናችን ባለበት በናሽናል ሊግ የመጨረሻው በረት ነበሩ። ዋንጫው የተገኘው አሰልጣኙ በእርስዎ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ትቶ አቋራጭ ስለፈለገ ነው። ኦክቶበር 1 ቀን ከሚልዋኪ ጋር ማክስ ሸርዘር ሲደክም እርስዎን አልጠሩም፤ በሌላ ቀን ጨዋታ የሚጀምረውን ስቲቨን ስትራስበርግን ሦስት ኢኒንግ አስወረወሩት። ኦክቶበር 30 ቀን ሂውስተን ላይ፣ በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ፣ እንዲሁ በሌላ ቀን ጨዋታ የሚጀምረው ፓትሪክ ኮርቢን የእርስዎን ሦስት ኢኒንግ ሠርቶልዎት 6 ለ 2 አሸነፍን። ከቤተኞችዎ የሚታመኑት ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሻምፓኝ ሲረጭ ከሁሉ ቀድመው መነጽር ያደረጉ ናቸው። ድግስ ላይ ሰሐን ያላጠበ ሰው ለምን ሁልጊዜ ዘፈን እንደሚያወጣ አይገባኝም።

ለፍትሕ ያህል፣ ጥፋቱ የውኃው ሊሆን ይችላል። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ከኔቪ ያርድ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስወስዳቸው የ1971ን አጫወቱኝ። የድሮው የከተማዋ ቡድን ሴኔተርስ ወደ ቴክሳስ ሊሄድ ሴፕቴምበር 30 ቀን የመጨረሻውን ጨዋታ ከያንኪስ ጋር ያደርጋል። 7 ለ 5 እየመራ፣ ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ፣ አንድ ሰው ማስወጣት ሲቀረው ተመልካቹ ሜዳ ገብቶ ጨዋታው ተበተነ፤ በፎርፌ ተሸናፊ ተባለ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ናሽናልስ ከሞንትሪያል እስኪመጣ፣ እስከ 2005 ድረስ፣ ያለ ቡድን ኖረች። በዚህ ከተማ በረት ባይኖር እንኳ ሕዝቡ ራሱ የበረቱን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር። እኔ ደግሞ በሬዲዮ የሰባተኛውን ኢኒንግ እየሰማሁ ነበርና መሳቅ አልቻልኩም።

ውለታዎን ግን አልክድም። ተመልካቹ ጨዋታው ሳያልቅ፣ የእርስዎ ሰው በሩን ከፍቶ ሲወጣ ገና፣ ወንበሩን ትቶ ይነሣል። አሥር ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ቢወጣ መንገዱ ይዘጋና ታክሲ አይንቀሳቀስም፤ በእርስዎ ጊዜ ግን ከሰባተኛው ኢኒንግ ጀምሮ በሥነ ሥርዓት ይንጠባጠባል። ባለፈው በጋ አንዳንድ ማታ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ተሳፋሪው ኋላ ተቀምጦ ይረግምዎታል፣ እኔ ፊት ሆኜ እረግምዎታለሁ፣ የሒሳቡ መቁጠሪያ ይሮጣል። በርስዎ ምክንያት ያገኘሁት ገቢ ለእናቴ የአውሮፕላን ቲኬት በቅቷል። ኅሊናዬን የሚከነክነኝም ይኸው ነው።

እናቴ አሁን ደሴ ተመልሳለች። እሑድ እሑድ ስደውልላት ልጆቹን ጠይቃ፣ ባለቤቴን ጠይቃ፣ ዋጋ መወደዱን አውርታ ስታበቃ፣ «በረቱስ ታደሰ?» ትለኛለች።

«አዲስ አሰልጣኝ ተሹሟል፣ እማዬ። ገና በ33 ዓመቱ ነው የተሾመው።»

«ጎሽ፣ ጉልበት አለው። እሱ ነው የሚወረውረው?»

«አይ፣ እሱ አይወረውርም። እሱ ስልኩን ነው የሚያነሣው።»

ትንሽ ዝም አለች። ሰፌዱ ሲንኳኳ በስልኩ ይሰማኛል።

«እንግዲያው» አለች፣ «ስልኩን ይንቀሉታ።»

ስለሆነም ከሚመጣው የውድድር ዘመን መክፈቻ በፊት የክቡርነትዎ ስልክ እንዲነቀልልኝ እያመለከትሁ፣ ለሚደረግልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ባለ ታክሲ

ግልባጭ፦
ለአጥሩ በር
ለማኬንዚ ጎር ክንድ
ምስሩን ለሚያውቁት እናቴ፣ ደሴ