አምስት ቀን በዛባችሁ?

ታይላንድ በቡድሃ በዓላት ቀን አልኮል እንዳይሸጥ የሚከለክለውን ህግ ማላላቷን ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 በወጣው ውሳኔ ኢንተርናሽናል ኤርፖርቶች፣ ሆቴሎች፣ ፈቃድ ያላቸው የመዝናኛ ቤቶችና ትልልቅ ዝግጅት የሚካሄድባቸው ቦታዎች በበዓሉ ቀን መሸጥ ይችላሉ ተባለ። ነገሩን የገፋችው ጠቅላይ ሚኒስትር ፔቶንግታርን ሺናዋትራ በዛው ዓመት ኦገስት ላይ በፍርድ ቤት ከስልጣን ወረደች፣ ውሳኔው ግን እዛው ቀረ። ጭራሽ ዲሴምበር ላይ በየቀኑ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ከሰዓት በኋላ መጠጥ እንዳይሸጥ የነበረውም ክልከላ ለ180 ቀን ሙከራ ተብሎ ተነሳ። እሱ እንኳን ይነሳ ግድ የለኝም፣ በ1972 የወታደሩ መንግስት የመንግስት ሰራተኛው በስራ ሰዓት እንዳይጠጣ ብሎ ያመጣው ነው፣ ከሃይማኖት ጋር አይገናኝም። እኔን ያናደደኝ የበዓሉ ነው።

ምክንያቱ ቱሪዝም ነው ይላሉ። ቱሪስቱ ቢራ ሲያጣ ይከፋዋል፣ ሀገሪቱ ገቢ ያመልጣታል። ኧረ ተዉ! ክልከላው በሙሉ ጉልበቱ በሚሰራበት በ2019 እኮ ነው ታይላንድ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ቱሪስት ያስገባችው። ያ ሁሉ ህዝብ ሲመጣ ህጉ ነበረ። ቪሳካ ቡቻ በሚባለው የቡድሃ በዓል ላይ ቢራ አይሸጥም ብሎ ትኬቱን የሰረዘ ሰው እስቲ አምጡልኝ። ከዛ በኋላ ቁጥሩን ያወረደው ኮቪድ ነው እንጂ በዓሉ አይደለም። ደግሞ የምናወራው በዓመት ስለ 5 ቀን ነው፣ ማካ ቡቻ፣ ቪሳካ ቡቻ፣ አሳላሃ ቡቻ፣ ከዛ መነኮሳቱ ለ3 ወር የክረምት ሱባኤ የሚገቡበትና የሚወጡበት ቀን፣ በቃ። ስሪላንካ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር፣ ማለት በየወሩ፣ መጠጥ መሸጥ ትከለክላለች፣ ቱሪስቱ ግን አሁንም ይሄዳል።

ከዚህ ደግሞ የባሰ ደካማ ክርክር አለ። የሚጠጣ ሰው ከዋዜማው ገዝቶ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ስለዚህ ህጉ ዋጋ የለውም የሚል። ያስቀምጣ! ህጉ መች ቤትህ ገብቶ ብርጭቆህን ቀማህ? የሚዘጋው ሽያጩን ነው፣ በ2008ቱ ህግ እስከ 6 ወር እስር ወይም እስከ 10 ሺህ ባት ቅጣት ወይም ሁለቱም የተቀመጠው የሚሸጠው ሰው ላይ ነበር። ይሄን ያልገባቸው ሰዎች ናቸው መንግስት ስለ ነፍሴ ምን አገባው እያሉ የሚጮሁት።

የሚገርመኝ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጠጪው ነው። ስለምትቀዳዋ ልጅ ማን አወራ? ባንኮክና ፓታያ ባር ውስጥ የሚሰሩት ልጆች ብዙዎቹ ከኢሳን ናቸው፣ ከሰሜን ምስራቁ የገበሬ ሀገር፣ ቤተሰብ የሚጦሩ። ቪሳካ ቡቻ ለነሱ ቡድሃ የተወለደበት፣ ብርሃን ያገኘበትና ያረፈበት ቀን ነው፣ ሶስቱም በአንድ ቀን ይታሰባል። መሸት ሲል ሰው ከእናቱ ከልጆቹ ጋር ሆኖ የሎተስ አበባ፣ ሶስት ዘንግ እጣንና ሻማ ይዞ ቤተ መቅደሱን በቀኙ እያደረገ ሶስት ጊዜ ይዞራል፣ ቀስ ብሎ፣ ሰም እጁ ላይ እየተንጠባጠበ። ሻማው የሚበራው መሸት ሲል ነው፣ ባሩም የሚደምቀው መሸት ሲል ነው። ልጅቷ ወይ እዚህ ናት ወይ እዛ፣ ሁለቱም ጋ መሆን አትችልም። ክልከላው ይሰጣት የነበረው ይቺን ማታ ነው።

ባለቤቱ ደግ ከሆነ በራሱ ይዘጋላታል ትሉ ይሆናል። ደግ ቢሆንም አይችልም፣ እሱ ሲዘጋ ጎረቤቱ ከከፈተ ደንበኛው በሙሉ ወደ ጎረቤቱ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት እሱም ይከፍታል። እዚህ ጋ ነው የኛን ሀገር ልኳንዳ ቤት የሚያመጡብኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ፖሊስ ሳይመጣ አዋጅ ሳይነገር ልኳንዳው ቅበላ ላይ የመጨረሻዋን ሽጦ 55 ቀን ይከረችም የለ እንዴ፣ ያመነ በራሱ ይተዋል፣ ህግ ምን ያደርጋል ይላሉ። ልክ ነው ይዘጋል፣ ግን ለምን ይዘጋል? ገዢው ስለሚጾም ነዋ! ጾመኛው ሰፈር ውስጥ ስጋ ሰቅሎ የሚውል ሰው ለማን ሊሸጥ ነው? ልማዱን የሚጠብቀው ባለ ልኳንዳው አይደለም፣ ገዢው ነው። አሁን ባንኮክ ሱኩምቪት መንገድ ላይ ያለውን ባር አስቡት። በሩ ላይ የቆመው ገዢ ከአውስትራሊያ ከጀርመን የመጣ ነው፣ አይጾምም፣ በዓል መሆኑንም ከነጭራሹ ላያውቅ ይችላል። እሱ ካልጠበቀው፣ ባለቤቱ በፉክክር ምክንያት መጠበቅ ካልቻለ፣ ሰራተኛዋ ደግሞ አቅም ከሌላት፣ በዓሉን ከህግ ውጪ ማን ይጠብቀው? እንግዳ በበዛበት ሀገር በዓል በልማድ ብቻ አይቆምም፣ አንድ ሱቅ ሲከፈት ሁለት ሲከፈት ያልቃል።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። በቀን ሂሳብና በጉርሻ የምትኖር ልጅ ያን ማታ ካልሰራች ገቢ የላትም። እውነት ነው። መፍትሄው ግን አሰሪው የቀኑን እንዲከፍላት ማስገደድ ነው እንጂ በዓሏን ወስዶ ለእንግዳ መስጠት አይደለም።

አሁን የተደረገው ደግሞ ከሙሉ መክፈትም ይብሳል። ለህክምናም ለልብስ ንግድም ባንኮክ ተመላልሶ የሚያውቅ ሰው በዛ ቀን ሰቨን ኢለቨን የሚባለው ሱቅ ገብቶ አይቶታል፣ የቢራው ፍሪጅ ተሸፍኖ ዛሬ አይሸጥም የሚል ወረቀት ተለጥፎበት። ያ አሁንም እንዳለ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለው ታይላንዳዊ አንዲት ቻንግ ቢራ ልግዛ ቢል አይቻልም ይባላል፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሆቴል ጣሪያ ላይ ግን ኮክቴል በነጻነት ይቀዳል። በዓሉን ያክብር የተባለው ድሃው ብቻ ነው ማለት ነው። የሆቴሉ ሰራተኞችስ? እነሱም እኮ እናት አላቸው፣ እነሱም ሻማ ማብራት ይፈልጋሉ።

ታይላንዶች ራሳቸው ግድ የላቸውም፣ ህጉ ለይምሰል ነው የሚሉም አሉ፣ እነዚህ የሀገሩን ታሪክ አያውቁም። አምስተኛው የቡድሃ ትእዛዝ ራሱ ከሚያሰክር ነገር ራቅ ነው የሚለው። በ2005 ቻንግ ቢራን የሚያመርተው ታይቤቭ የባንኮክ አክሲዮን ገበያ ልግባ ሲል መነኮሳትና ምእመናን አደባባይ ወጥተው ተቃወሙት፣ እዛ አልገባም፣ በ2006 ሲንጋፖር ሄዶ ነው የተመዘገበው። በየዓመቱ በክረምቱ ሱባኤ 3ቱን ወር ሙሉ መጠጥ የሚተዉ ሰዎች አሉ፣ ትልቅ ዘመቻም ይደረግበታል። ይሄን የሚያደርግ ህዝብ 5 ቀን አይከብደውም። የከበደው የሆቴል ባለቤቶቹን ነው፣ መንግስትም የሰማው እነሱን ነው።

ስለዚህ ሆቴሉም መዝናኛ ቤቱም ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ይውጡ፣ ኤርፖርቱ ከፈለገ ይቅር፣ መንገደኛ ነው። የሚዘጋው ሁሉ እኩል ይዝጋ፣ የ5ቱን ቀን የሰራተኛ ሂሳብም አሰሪው እንዲከፍል ህጉ ውስጥ ይግባ፣ ከሚቀጥለው ቪሳካ ቡቻ በፊት።